የሞተር ትንፋሽና የጋቢና ድምፅ፦ የአየር ማስገቢያው ሲቀየር ምን ይለወጣል?

የስፖርት መኪና ነዳጅ መስጫ ጠበቅ ተደርጎ ሲረገጥ ጋቢናው ውስጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ሰው «ከጭስ ማውጫው ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ጭስ ማውጫው በመኪናው ጀርባ ስለሚገኝ ድምፁን ከሾፌሩ ይልቅ መንገደኛውና ጎረቤቱ ይሰሙታል። ሾፌሩን በቅርበት የሚያናግረው ግን ከፊት ለፊቱ፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ሲስብም ሲያስወጣም ድምፅ አለው።

በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ኑሯቸው ከመሪ ጋር የተያያዘ ነው። ወጣቶቹም የስፖርት መኪና ገዝተው ድምፁን ለመለወጥ የአየር ማስገቢያውን ሲቀያይሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ነገሮች አሉ። የዛሬው ትምህርታችን የድምፁን ምንጭ፣ ፋብሪካዎች ድምፁን የሚገሩበትን መንገድ፣ ለውጡ በሞተሩ፣ በጆሮና በጎረቤት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ድምፁ እንዴት ይወለዳል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የማስገቢያው ቫልቭ ይከፈትና አየር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቫልቩ ሲዘጋ የአየሩ ጉዞ በድንገት ይቋረጣል። ይህ መሳብና መቋረጥ በቱቦው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል። አየሩ ወደ ሞተሩ ቢፈስም ሞገዱ ግን ከአየሩ ፍሰት ስለሚፈጥን በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዞ በማጣሪያው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ድምፅ የምንለው ይህንኑ ሞገድ ነው።

የሞገዱን ድግግሞሽ ማስላት ቀላል ነው። በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ አየር ይስባል። ስለዚህ ሞተሩ በሰከንድ የሚዞረውን ዙር በሲሊንደሮቹ ቁጥር ግማሽ ማባዛት ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ዙር ይሆናል፤ በሁለት ሲባዛ ዋናው ድምፅ 200 ኸርዝ ነው። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር በተመሳሳይ ፍጥነት 400 ኸርዝ ያሰማል። ባለ አሥር ሲሊንደሩ ሌክሰስ ኤል.ኤፍ.ኤ በደቂቃ 9,000 ዙር ሲደርስ ድምፁ 750 ኸርዝ ይሆናል። የዚህ መኪና ድምፅ ከጩኸት ይልቅ ወደ ዜማ የሚያደላው አንዱ ምክንያት ይህ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ነው።

ይሁንና ድምፅን የሚለየው ዋናው ድግግሞሽ ብቻ አይደለም። በገናንና ክራርን በአንድ ቃና ብንቃኛቸው እንኳ ማንም ሰው አንዱን ከሌላው አያምታታም። የበገናው ጅማት በእንዚራው ላይ እየተንቀጠቀጠ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ተደራቢ ድምፆችን ስለሚያወጣ ያ የሚነዝር ቃናው ይፈጠራል። የመኪና ድምፅም እንዲሁ ነው። የቱቦው ርዝመት፣ የማጣሪያው ሳጥን ቅርፅና የግድግዳው ውፍረት የትኞቹ ተደራቢ ድምፆች እንደሚጎሉና የትኞቹ እንደሚታፈኑ ይወስናሉ።

ባዶ ጠርሙስ የሚያስተምረን

በልጅነቱ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ነፍቶ ያላስጮኸ ሰው ጥቂት ነው። ጠርሙሱ የሚያሰማው አንድ የተወሰነ ድምፅ ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ሞላ ሆነው አብረው ይወዛወዛሉ። ይህን ክስተት በጥልቀት ያጠናው ከ1821 እስከ 1894 እ.ኤ.አ. የኖረው ጀርመናዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትስ ስለሆነ መሣሪያው በስሙ የሄልምሆልትስ ሬዞኔተር ይባላል።

ሕጉ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። የአንገቱ ስፋት ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ አንገቱ ሲረዝም ወይም የሆዱ ይዘት ሲበዛ ድምፁ ይጎረንናል። ይዘቱ በአራት እጥፍ ሲያድግ ድግግሞሹ በግማሽ ይቀንሳል። ትልቅ እንስራ ከትንሽ ጠርሙስ ይልቅ ወፍራም ድምፅ የሚያሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪና መሐንዲሶች ይህንኑ ጠርሙስ ለተቃራኒ ዓላማ ይጠቀሙበታል። በአየር ማስገቢያው ቱቦ ጎን አንድ ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ይለጥፋሉ። ሳጥኑ በሚወደው ድግግሞሽ የሚመጣውን ሞገድ ተቀብሎ በተቃራኒ ምት ስለሚመልሰው ሁለቱ ሞገዶች ይጣፋሉ። በምሳሌ እናስላው። ሳጥኑ 2 ሊትር የሚይዝ፣ አንገቱ 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቢሆን የሚያፍነው ድምፅ 122 ኸርዝ ገደማ ነው። በአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ ይህ በደቂቃ 3,660 ዙር አካባቢ የሚሰማው ድምፅ ነው። ኮፈን ከፍተው «ይህ ባዶ ሳጥን ምን ይሠራል?» ብለው የሚነቅሉት ሰዎች የሚያስወግዱት እንግዲህ ይህንን ዝምታ ነው።

ሌላው ዘዴ አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ በጎን ማያያዝ ነው። ሞገዱ እስከ ቱቦው መጨረሻ ተጉዞ ሲመለስ በግማሽ ሞገድ ይዘገይና የራሱን ተከታይ ያጠፋል። ግማሽ ሜትር የሚረዝም ቱቦ 171 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ይውጣል። ይህ ስሌት የተሠራው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር በሚጓዝበት አየር ነው። ከኮፈኑ ሥር ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሲደርስ የድምፅ ፍጥነት ወደ 366 ሜትር ስለሚያድግ ያው ቱቦ የሚያፍነው ድምፅ ወደ 183 ኸርዝ ከፍ ይላል። አንድ መኪና በጠዋት ብርድና ከረጅም ጉዞ በኋላ ድምፁ የሚለያየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከመኪና ወደ አውሮፕላን

ሲያትል የቦይንግ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን በሚገኘው የኤቨረት ፋብሪካ ከተሠሩት አውሮፕላኖች መካከል የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ይገኝበታል። በአውሮፕላን ሞተር አፍ ዙሪያ ያለውን ለስላሳ የሚመስል ግድግዳ በቅርብ የሚያይ ሰው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያገኛል። ከቀዳዳዎቹ ጀርባ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ክፍሎች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ጠርሙስ ነው፤ ቀዳዳው አንገት፣ ክፍሉ ሆድ ይሆናል። የሞተሩ ማራገቢያ የሚያወጣውን ፉጨት የሚያፍኑት እነዚህ ትንንሽ ሬዞኔተሮች ናቸው። በመኪና ኮፈን ሥር ያለው የፕላስቲክ ሳጥንና የግዙፉ አውሮፕላን የሞተር አፍ በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ።

ፋብሪካዎች ድምፅን ወደ ጋቢና የሚያስገቡት እንዴት ነው?

ዘመናዊ መኪና በወፍራም መስታወትና በድምፅ መከላከያ የተሸፈነ ስለሆነ ጋቢናው ጸጥ ይላል። የስፖርት መኪና ገዢ ግን ሞተሩን መስማት ይፈልጋል። ፋብሪካዎች ለዚህ ሁለት መፍትሔ አግኝተዋል።

የመጀመሪያው ተፈጥሯዊውን ድምፅ በቱቦ መምራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረቡት መንትዮቹ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢ.አር.ዜድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በማጣሪያውና በአየር መክፈቻው መካከል ካለው ቱቦ አንድ ቅርንጫፍ ይነሣና ሞተሩን ከጋቢናው ወደሚለየው የብረት ግድግዳ ይሄዳል። በውስጡ ስስ ሽፋን አለ፤ አየር አያሳልፍም፤ ነገር ግን እንደ ከበሮ ቆዳ እየተንቀጠቀጠ የተመረጡ ድምፆችን ያሻግራል። ፎርድም በፎከስ ኤስ.ቲ መኪናው ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል። በሌክሰስ ኤል.ኤፍ.ኤ ላይ ደግሞ በሙዚቃ መሣሪያ ሥራ የሚታወቀው ያማሃ የማስገቢያውን ድምፅ በመቃኘት ተሳትፏል። የዚህ መኪና ምርት በ500 ብቻ ተወስኖ ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ የድምፅ ማጉያ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኤም 5 መኪና ላይ የሞተሩን ድምፅ በሬዲዮው ድምፅ ማጉያዎች በኩል ማጀብ ጀመረ። ሁለተኛው ትውልድ ጂ.አር. 86ም የቱቦውን መንገድ ትቶ ወደ ድምፅ ማጉያ ዞሯል። በዚህ ጉዳይ አስተያየት የተከፋፈለ ነው። አንዳንዱ «ደስ ካለኝ ምንጩ ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንደ መታለል ይቆጥረዋል። ቱቦው ከሞተሩ የመነጨውን ሞገድ መርጦ ሲያሻግር፣ ድምፅ ማጉያው ግን ኮምፒውተር ያዘጋጀውን ድምፅ ይጨምራል። ልዩነቱን ማወቅ ለገዢው ይጠቅማል፤ የማስገቢያውን ቱቦ የሚቀይር ሰው ከድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ድምፅ አይለውጥምና።

የሚደረጉት ለውጦችና ውጤታቸው

ባለ መኪናዎች የሚያደርጓቸው ለውጦች በአራት ይጠቃለላሉ።

1. የማፈኛውን ሳጥን ማንሣት፦ ሳጥኑ ያፍነው የነበረው ጠባብ የድምፅ ክልል ብቻ ይጎላል። በተቀረው የሞተር ፍጥነት ለውጡ እምብዛም አይሰማም።

2. የማጣሪያውን ሳጥን በክፍት ማጣሪያ መተካት፦ የሳጥኑ ግድግዳ ያግደው የነበረው የትንፋሽ ድምፅ በሙሉ ይለቀቃል። ከፍተኛውን የድምፅ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

3. የቱቦውን ርዝመትና ዓይነት መለወጥ፦ የሚጎላው ድምፅ ከአንድ የሞተር ፍጥነት ወደ ሌላው ይዛወራል። ስስ ብረት ከወፍራም ፕላስቲክ ይልቅ ራሱ ስለሚርገበገብ የተለየ ቃና ይጨምራል።

4. ወደ ጋቢና የሚሄደውን ቅርንጫፍ መድፈን ወይም መጨመር፦ ሞተሩ የሚስበውን አየር ብዙም ሳይነካ የጋቢናውን ድምፅ ብቻ ስለሚቀይር ከሁሉም ቀላሉና ሊመለስ የሚችለው ነው። አንዳንድ የቶዮታ 86 ባለቤቶች ይህን ቱቦ ደፍነው ጸጥታን መርጠዋል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ጋቢናው ራሱ እንደ ጠርሙሱ ሁሉ የሚወደው ድምፅ አለው። ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ጋቢና 86 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። በአራት ሲሊንደር ሞተር ይህ በደቂቃ 2,580 ዙር ገደማ ነው፤ ብዙ መኪኖች በአውራ ጎዳና የሚጓዙበት ፍጥነት ማለት ነው። ስለዚህ በጋራዥ ደጃፍ ለሁለት ደቂቃ ሲሰማ ልብ የሚያሞቅ ድምፅ፣ ከሲያትል እስከ ፖርትላንድ ባለው የሦስት ሰዓት መንገድ ራስ የሚያዞር እምቡምታ ሊሆን ይችላል።

ድምፅ ጉልበት አይደለም

«ድምፁ ከጨመረ ጉልበቱም ጨምሯል» የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው። ፊዚክስ ግን ሌላ ይላል። ክፍት ማጣሪያ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ትኩስ አየር ሲስብ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ፈንታ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ቢስብ የአየሩ እፍጋት በ12 በመቶ ያንሳል። መኪናው እየጮኸ ይደክማል ማለት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ አብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች የሚገባውን አየር የሚለካ ስስ መሣሪያ በቱቦው ውስጥ አላቸው። የቱቦው ስፋት ሲለወጥ መሣሪያው የተሳሳተ መጠን ስለሚያነብ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ያዛባል፤ የማስጠንቀቂያ መብራትም ይበራል። ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ማጣሪያውን ወደ ጎማው አካባቢ ዝቅ ማድረግ ደግሞ እንደ ሲያትል ባለ ዝናባማ አገር ሌላ አደጋ አለው። ማጣሪያው ኩሬ ውስጥ ገብቶ ውኃ ከሳበ ፒስተኑ የማይታመቀውን ውኃ ለማመቅ ሲታገል የሞተሩ ክንድ ሊጎብጥ ይችላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው፤ በደንብ የማያጣራ ማጣሪያ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያስበላል። በዚያ ላይ በ2,355 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስለሚያንስ ተርቦ የሌለው ሞተር ቀድሞውንም ትንፋሽ ያጥረዋል።

የጎረቤት ጆሮና ሕግ

የመኪና ድምፅ የግል ደስታ ብቻ እንዳልሆነ ሲያትል በቅርቡ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ቤልታውን በተባለው የመሐል ከተማ ሰፈር ሌሊት ሌሊት እየጮኸ የሚመላለስ አንድ የተሻሻለ ዶጅ ቻርጀር ሄልካት ነዋሪውን እንቅልፍ ነስቶ መነጋገሪያ ሆነ። ከተማዋ ክስ መሥርታ ፍርድ ቤቱ በባለ መኪናው ላይ ከ83 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። የነዋሪዎቹ ዋና ምሬት ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን እንደ ተኩስ የሚሰማ ድምፅ የሚመለከት ነበር።

የዋሽንግተን ግዛት ሕግ እያንዳንዱ መኪና በሥርዓት የሚሠራ ማርሚታ እንዲኖረው ያዛል፤ ጭስ ማውጫውን ከመጀመሪያው በላይ እንዲጮኽ አድርጎ መለወጥንም ይከለክላል። የአየር ማስገቢያውም ቢሆን ከሕግ ውጪ አይደለም። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የብክለት መቆጣጠሪያ አካላትን ማንሣትን ይከለክላል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የዘይት ትነት ወደ ማስገቢያው የምትመልሰው ቀጭን ቱቦ ከእነዚህ አንዷ ናት፤ ማስገቢያው ሲቀየር ተነቅላ መቅረት የለባትም።

ጎረቤትን ሳያስቸግሩ በድምፁ መደሰት ለሚፈልጉ እንግዲህ ሳይንሱ አንድ መንገድ ይጠቁማል። ወደ ጋቢና የሚሄደው ቱቦ ድምፁን ለሾፌሩ ያደርሳል፤ መንገደኛውን ብዙም አይነካም። የጭስ ማውጫ ለውጥ ግን ደስታውን ለአንድ ሰው፣ ጩኸቱን ለሰፈር ያከፋፍላል።

የራስዎ ጆሮስ?

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ዴሲቤል ለ4 ሰዓት፣ 91 ዴሲቤል ለ2 ሰዓት ብቻ ማለት ነው። ሦስት ዴሲቤል በጆሮ ሲሰማ ትንሽ ለውጥ ቢመስልም የድምፁ ኃይል እጥፍ ሆኗል። በመሪ ላይ ረጅም ሰዓት ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተጎዱ የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ሕዋሳት በሰው ላይ መልሰው አይበቅሉም።

ስለዚህ ለውጥ የሚያደርግ ሰው ለክቶ ቢጀምር ይበጃል። አብሮ የሚቀመጥ ሰው የድምፅ መለኪያ ያለው ስልክ ይያዝ፤ ሾፌሩ ግን ዓይኑን ከመንገዱ አያንሣ። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ማርሽ፣ መስኮት ተዘግቶና ሬዲዮ ጠፍቶ በደቂቃ 2,000፣ 2,500፣ 3,000 እና 3,500 ዙር ላይ ያለው ድምፅ ይመዝገብ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ ልኬቱ ይደገም። የስልክ ልኬት እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክለኛ ባይሆንም በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ለማነጻጸር ይረዳል። የተነቀለው ዕቃም በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ ያ ሳጥን አንድ ቀን ይናፈቅ ይሆናል።

ዝምተኛው ዘመን

ይህ ሁሉ የቤንዚን ሞተር ታሪክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አየር አይስብም፤ ጭስም አያወጣም። ጸጥታው ዓይነ ስውራንንና እግረኞችን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ የአሜሪካ ደንብ እነዚህ መኪኖች በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲጓዙ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗን ስላሳወቀች የአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅ እየተለወጠ መሄዱ አይቀርም።

በጥቅሉ የአየር ማስገቢያ ለውጥ ድምፅን የሚያዛውርና የሚያጎላ እንጂ ከምንም ጉልበት የሚፈጥር ነገር አይደለም። ሳጥኑና ቱቦው በዘፈቀደ የተቀመጡ ዕቃዎች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድ የተመረጠ ድምፅ ዝም ለማሰኘት ተለክተው ተሠርተዋል። የሚነቅላቸው ሰው የትኛውን ድምፅ እንደሚለቅ፣ ድምፁም ወደ ማን ጆሮ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወቅ።